ስድስተኛዋ ቀዳዳ

የማንንም ስም አልጠራም። አገራችን ሜዳው ሰፊ ቢሆንም ሰው ለሰው ቅርብ ነው፤ ስም ከጠራሁ ከኮኪት እስከ ገንዳ ውሃ ጣት መቀሰር ይጀመራል። ማን ማን እንደነበርን ግን አንድ በአንድ ልናገር፤ ያለዚያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

መጀመሪያ እኔ አለሁ። ስድሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት የቀረኝ፣ ሰሊጥና ማሽላ የማርስ፣ የአራት ልጆች አባት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። አባቴ ከደጋ ወርዶ እዚህ ቆላ ሲሰፍር ያወረሰኝ መጥረቢያና ወባ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ በአንድ ባለሀብት እርሻ የትራክተር ረዳት ሆንሁ። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው፤ ሞተር ያወቅሁት ሌሎች ሲፈቱ ቆሜ በማየት ነው። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ከራሱ በቀር መምህር አያውቅም።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ጥቂት ትናገራለች፤ የተናገረችውን አትደግምም። ሦስተኛው የበኩር ልጄ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ጎንደር ሙያ ኮሌጅ ገብቶ የመኪና ጥገና ተምሮ ወረቀቱን ይዞ ተመልሷል። አራተኛው ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ሾፌር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንበር ተሻግረው እስከ ገዳሪፍ እህል ሲያመላልሱ ኖረው፣ ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ሲል እቤታቸው የተቀመጡ ሰው ናቸው። አምስተኛው ለአጨዳ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። ምላሱ ከማጭዱ ይሰላል፤ ሲሠራ ግን ሁለት ሰው ያህላል።

መኪናዋ ደግሞ ኤንትሬ የምንላት የድሮ የጣሊያን የናፍጣ መኪና ናት። ከኮኪት ወጣ ብሎ አንድ ባለሀብት ጥሎት የሄደ ካምቦ፣ የእርሻ ሰፈር፣ አለ፤ እዚያ ጎማዋ እስከ ቸርኬው ጥቁር አፈር ውስጥ ሰጥሞ፣ ጋቢናዋ ውስጥ ጅግራ እየፈለፈለባት አገኘኋት። ሞተሯ ተፈታትቶ ግማሹ በጆንያ፣ ግማሹ በበርሜል ነበር። ባለቤቱ በብረት ዋጋ ሸጠልኝ። በሁለት ትራክተር ጎትተን ቤቴ ደጃፍ ስናደርሳት የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ሳቀ።

ለሰው ሁሉ «ሰሊጤን ላጓጉዝባት ነው» አልሁ። እውነት አለው፤ መንገዱ በተበላሸ ቁጥር የኪራይ መኪና እኛ ዘንድ አይገባም። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። የገዛኋት ልጄን ከእኔ ዘንድ ላስቀርባት ነው። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ሥራ የለም፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ጎንደር ያሉት ጋራዦች እንኳ ሰው ይቀንሱ ነበር። አብሮ አደጎቹ ደግሞ በመተማ ዮሐንስ በኩል ከደላላ ጋር ድንበር መሻገር ጀምረዋል። ወዲያ ማዶ ጦርነት ነው፤ ሰዎቹ በገፍ ወደኛ ሲሸሹ የኛ ልጆች በዚያው በር ይወጣሉ። ከሄዱት የአንዱ እናት ጎረቤታችን ናት። እስከ ዛሬ የማንም ስልክ ሲጮህ ከተቀመጠችበት ትነሳለች።

ልጄን ጠርቼ መኪናዋን አሳየሁት። ዞሮ ዞሮ አያት። ጎንበስ ብሎ ከሥር ተመለከተ።

«ትነሳለች?» አልሁት።

«ብረቷ ደህና ነው።»

«እንግዲያው እናንሳት። አንተ ትነዳታለህ።»

ቀና ብሎ «አባ፣ ቃል እንግባባ» አለኝ። «መኪናዋ ጭነት ይዛ ገንዳ ውሃ ከደረሰች የትም አልሄድም፤ እዚሁ ከእርስዎ ጋር እሠራለሁ። ካልሆነች ግን አይያዙኝ።»

«ቃሌ ነው» አልሁ። ቀላል ውል መሰለኝ። በእጄ ያለ ነገር ነው ብዬ ነበር።

ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። የሞተሩን ክራንክ፣ ማለትም ስድስቱ ፒስተኖች ክንዳቸውን አያይዘው የሚያዞሩትን ያን ጠማማ ከባድ ብረት፣ ጎንደር ቶርኖ ቤት ልከን አስፈጨነው። እንደ መስታወት ሆኖ ተመለሰ። እሱ በተመለሰ በሳምንቱ መንገድ ተዘጋ። የቀረው ዕቃ ሳይገባ ክረምቱ ደረሰብን። የሞተር ዘይት ጠፋ፤ ግራሶም ጠፋ። እዚህ ቆላ ክረምት ማለት እርጥበቱ ቢላዋን በአፎቱ የሚበላ ነው። እንዲያ የተፈጨ ብረት አንድ ወር ራቁቱን ካደረ ዝገት ይጨርሰዋል።

እኔ ዘዴ አገኘሁ። አጠገባችን በግመል የሚዞር የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ አለ። አንድ ጀሪካን ሙሉ ገዝቼ መጣሁና ክራንኩን አጠጣሁት። ላዩን ብቻ አይደለም። በክራንኩ ሆድ ውስጥ ዘይት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ክንድ አንድ፣ በጠቅላላው ስድስት። ውስጣቸው እንዳይዝግ ብዬ በቀዳዳዎቹ እየሞላሁ አፈሰስሁበት። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥሁት።

ልጄ ያን ጊዜ «አባ፣ ሰሊጥ ይቆይበታል?» ብሎኝ ነበር።

«አገሩን በሙሉ ያኖረ ሰሊጥ አንድ ብረት አያኖርም?» አልሁት። የተቀመጡት ሁሉ ሳቁልኝ። ሰው ሲስቅልኝ የተናገርሁት እውነት ይመስለኛል፤ ይህ የቆየ ድክመቴ ነው።

ሁለት ክረምትና አንድ በጋ በዚያ ሙቀት ከአልጋ ሥር ተኛ። በመጨረሻው መስከረም መንገድ ተከፈተና የቀረው ዕቃ ገባ። ጥቅልሉን ስንፈታ ክራንኩ አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም፤ ያበራል። ሰፈሩን ጠርቼ አሳየሁ። «የተማረ ሰው ይህን ያውቃል?» አልሁ፤ ልጄ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ።

ጥቅምት ላይ አጫጆች ልቀጥር ሸሕዲ ሄድሁ፤ ገንዳ ውሃን እንዲያም እንላታለን። እዚያ የቀን ሠራተኛው በየመንገዱ ዳር ማጭዱን ይዞ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ዋጋ ተጨቃጭቀን አሥራ ሁለት ሰው ይዤ በማግሥቱ ቀትር ላይ ተመለስሁ። ቤት ስደርስ ልጄ ከዛፉ ጥላ ሥር ክራንኩን በጆንያ ላይ አስተኝቶ ተንበርክኮበታል። በአንድ እጁ ቀጭን ሽቦ፣ በሌላው ነጭ ጋዝ የያዘ ጣሳ አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያጠብሁት ነው አባ። ዘይቱ ውስጥ ውስጡን ረግቷል። ይዩት።» ሽቦውን አሳየኝ። ጫፉ ላይ እንደ ሙጫ ያለ ቡናማ ነገር ተጣብቋል።

«ሰሊጥ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይቀልጣል።»

«አይቀልጥም። የእናቴ መጥበሻ ዳር ላይ የደረቀውን ዘይት አይተውት የለም? በእሳት ይቀልጣል? ያው ነው።»

«ጋዙን ከየት አመጣኸው?»

«ገዛሁት።»

«ስንት ሊትር?»

«ሁለት።»

ጋዝ በጠብታ በሚሸጥበት ጊዜ ሁለት ሊትር መሬት ላይ ፈስሶ ሳይ ደሜ ፈላ። ግን ሐቁን ልናገር፤ ጋዙ ብቻ አይደለም ያናደደኝ። አሥራ ሁለቱ ሠራተኞች ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ጎጃሜው ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ «ኧረ እዚህ አገር አባት ነው ተማሪው!» አለ። ሁሉም ሳቁ። በዚያ ሣቅ ላይ ነው አፌ የተከፈተው።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አልሁት ልጄን። «ሁለት ዓመት በወረቀት የተማርህ፣ አርባ ዓመት በእጄ የሠራሁትን ልታስተምረኝ ነው? ተነሳ። ነገ ይገጠማል።»

«አባ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ተነሳ አልሁ!»

ተነሳ። ሽቦውን ጣሳው ላይ አስቀመጠ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ምን ያህል እንደቀረው አልጠየቅሁትም።

ባለቤቴ ለሠራተኞቹ ውሃ እያቀረበች ሰምታለች። ብቻችንን ስንሆን «ልጁ የተማረው በእኛ ላም ነው» አለችኝ። «ላም ሸጠህ ያስተማርኸውን ለምን አትሰማውም?»

«አንቺ ሞተር ታውቂያለሽ?»

«ልጄን አውቃለሁ» አለችና ሄደች።

በማግሥቱ ገጠምነው። ልጄ የታዘዘውን ያህል ሠራ፤ እንዲያውም ከታዘዘው በላይ በጥንቃቄ። ክራንኩ ከገባና ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ስለቀዳዳዎቹ ሁለተኛ አላነሳም። እኔም ዝምታውን እንደ መታረም ቆጠርሁት። አባት ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ ልጅ ዝም ሲል ሁልጊዜ ተስማምቶ አይደለም።

ሰሊጡ ታጨደ፤ ነዶው ሂላ ሂላ፣ ማለትም ክምር ክምር፣ ሆኖ ቆሞ ደረቀ፤ ተራግፎ በጆንያ ገባ። አርባ ኩንታል ሆነ። ኅዳር ላይ ሽማግሌውን ሾፌር አስመጣሁ። ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ መጡና መኪናዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት።

«ያ ዞል» አሉኝ፤ እንዲህ ነው ሰው የሚጠሩት፣ የገዳሪፍ ልማዳቸው ነው። «ይህችን ከየት ከመቃብር አወጣሃት?»

«ትነሳለች ጋሼ።»

«መነሳቱንማ ሙታንም ይነሳሉ። መሄዱን ነው የምጠይቅህ።»

ባትሪው አሮጌ ነበር፤ ሞተሩን ሊያዞረው አልቻለም። መግፋት ግድ ሆነ። ሠራተኞቹን ከማሳው ጠራኋቸው። አንዱ የወሎ ሰው ጎማዋ ላይ የዶሮ ደም ካልነካች አትሄድም ብሎ ድርቅ አለ። «ብረት በደም አይሄድም፤ በናፍጣ ነው የሚሄድ» ብዬ ገሠጽሁት። ባለቤቴ ጠበል ይዛ መጥታ ረጨቻት፤ እሷን አልከለከልሁም። ልጄ የናፍጣውን ቱቦ እያላላ አየሩን አስወጣ፤ የእጅ ፖምፓውን ሲመታ ቆይቶ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣለት አጠበቀው።

«ግፉ!» አልሁ።

ጎጃሜው ትከሻውን ከኋላ አስጠግቶ «ጋሼ፣ እኛ ሰሊጥ ልናጭድ ተዋዋልን እንጂ ዝሆን ልንገፋ አልተዋዋልንም!» አለኝ።

«ስትነሳ ፍየል አለ።»

«ሰማችሁ? ፍየል አለ! ግፉ እናንተ የፍየል ዘመዶች!»

መጀመሪያ አልሄደችም። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ሽማግሌው ፍሪሲዮኑን ሲለቁት መኪናዋ ተንዘረዘረችና ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ገፊዎቹን ሁሉ አጠቆረቻቸው። ከዚያ አንድ ጊዜ አጓራች፤ ቆመች ስንል ቀጠለች። ጭሱ ነጣ፤ ቀስ በቀስም ጠፋ። ባለቤቴ እልል አለች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር እልልታዋን የሰማሁት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ልጄን አየሁት። የሞተሩን ድምፅ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ፈገግታ ነበረበት። ይቀራል፣ አልሁ በልቤ። ልጄ ይቀራል።

የዘይት ግፊት መለኪያው ላይ ያለችው ቀስት ከፍ አለች። በጣቴ አሳየሁት። «ይኸው! የታለ ሙጫው?»

«ደህና ነው» አለኝ። «ግን ያ የሚለካው ዋናውን መስመር ነው። አባ፣ ባዶዋን ኮኪት ድረስ ትሂድና ትመለስ። ክዳኑን ከፍተን አይተን ከዚያ እንጫናት።»

ጥሩ ምክር ነበር፤ አሁንም ያልሆነ ምክር ነው ልል አልችልም። ያልሰማሁት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ቀን ገንዳ ውሃ ገበያ ነው። የሳቁብኝ ሰዎች ሁሉ እዚያ አሉ። በዚያች መኪና አርባ ኩንታል ጭኜ በገበያው መሐል ሳልፍ እንዲያዩኝ ፈለግሁ። ለልጄ የነገርሁት ግን «ዛሬ የሰሊጥ ዋጋ ደህና ነው» ብዬ ነው።

ጫንን። ልጄ የመሪውን በር ሲከፍት ያዝሁት። «ዛሬ ጋሼ ይንዱ። ቁልፉን የምሰጥህ ገንዳ ውሃ ደርሰን ስንመለስ ነው።» በሩን ለቀቀና በሌላው በኩል ዞሮ ገባ። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ፣ ጎጃሜውና ሁለት ጓደኞቹ ለማራገፍ ከጭነቱ ላይ ሆነን ተነሳን።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ኪሎ ሜትሮች በሕይወቴ ከተደሰትሁባቸው ጊዜያት አንዱ ናቸው። በግራ በቀኝ የታጨደ ማሳ፣ የቀላ የማሽላ ራስ፣ በመንገዱ ዳር ቆመው የሚያዩን ሰዎች። ሽማግሌው ማርሽ በቀየሩ ቁጥር «ኸላስ፣ በቃ፣ ልጅቱ ታውቀኛለች» ይላሉ። ከላይ ጎጃሜው ይዘፍናል። ከዚያ ልጄ እጁን የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጠ፤ ኤንትሬ ላይ ሞተሩ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ነው።

«ጋሼ፣ ያቁሙ» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ይመታል። ከኋላ በኩል። ይስሙት።»

ሽማግሌው እግራቸውን ላላ አደረጉና አደመጡ። እኔም ሰማሁት። ቆ፣ ቆ፣ ቆ፤ በር የሚያንኳኳ ሰው ያለ ይመስላል። ሽማግሌው ወደ ልጄ አልዞሩም፤ ወደ እኔ ዞሩ። በእኛ አገር መኪና ላይ ሾፌር የሚጠይቀው የዕቃውን ባለቤት ነው።

ፊት ለፊታችን ኾር ነበር፤ በክረምት ብቻ የሚሞላ፣ በበጋ አሸዋው የሚቀር ወንዝ። ቁልቁል ወርዶ ዳገት ይወጣል።

«ኾሩን ተሻግረን ሜዳው ላይ እንቆማለን» አልሁ።

«አባ፣ ዳገት ላይ አትችለውም!»

«ይሂዱ ጋሼ።»

ሄዱ። ወረድን፤ አሸዋውን አለፍን፤ ዳገቱን ስትጀምር ምቱ ፈጠነ። ዳገቱ እኩል ላይ በክዳኑ ሥር እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ፈነዳ። ጋቢናው በትኩስ ዘይት ጭስ ሞላ። ሞተሩ ቀጥ አለ። የአሮጌው የነፋስ ፍሬን ነፋስ አለቀና አርባ ኩንታሉ ወደኋላ ይጎትተን ጀመር። ሽማግሌው መሪውን ወደ ኾሩ የአፈር ግድግዳ አዞሩ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ኋላዋ ከአፈሩ ጋር ተጋጨ፤ አንድ ጎኗ ተነሳ፤ ጆንያዎቹ ተንሸራተው ወረዱ።

ከላይ ያሉት ሁለቱ ቀድመው ዘለዋል። ጎጃሜው የዘለለው ጆንያዎቹ በወረዱበት በኩል ነበር። ደርሰን ስናነሳለት እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። የተቀደዱት ጆንያዎች ሰሊጣቸውን በአሸዋው ላይ አፍስሰዋል፤ ሰሊጥ ከአሸዋ ጋር ከተቀላቀለ ማንም አይለየውም። ጎጃሜው ላብ እያጠመቀው «ጋሼ» አለኝ፤ «ፍየሏን ግን እንዳትረሳ።» መሳቅ አልቻልሁም። ሽማግሌው ደረታቸውን መሪው መትቷቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። የገበያ መኪና አስቁመን ሁለቱንም ወደ ገንዳ ውሃ ወሰድናቸው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያው ገባ። «እግሩ የማይታጠፍ ሽማግሌ መኪና አስይዞ!» ይላል ሰው። ሽማግሌውም ያንኑ ተቀበሉ። ሐኪም ቤት ደጃፍ ተቀምጠው «የኔ እጅ ነው» አሉኝ፤ «ማርሹን ዘግይቼ ነው የቀየርሁት፤ ሞተሩን አስጨነቅሁት።» እኔ «አይዞዎት» ብቻ አልሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልሁ። ይህን ስጽፍ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው፤ ከስህተቱም ይበልጥ።

በሦስተኛው ቀን ከልጄ ጋር ኾሩ ድረስ ወርደን ከመኪናዋ ሥር ገባን። የታችኛውን ክዳን ፈታን። ልጄ ክንዶቹን አንድ በአንድ እየፈታ በክንዱና በክራንኩ መካከል የሚቀመጠውን ስስ ብረት፣ ብሮንዚናውን፣ አወጣልኝ። የመጀመሪያው ደህና ነው፤ ግራጫና ለስላሳ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ደህና ናቸው። ስድስተኛው ቀልጦ ክራንኩ ላይ ተለብጧል፤ ክንዱ ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በርግዶ ወጥቷል።

ሽቦውን ከልጄ እጅ ተቀበልሁ። በየቀዳዳዎቹ እየሰደድሁ ሞከርሁ። አምስቱ ጋ ሽቦው ያለ ችግር አለፈ። ስድስተኛው ጋ ቆመ። ገፋሁት፤ ቆመ። ሳወጣው ጫፉ ላይ ያ ቡናማ ሙጫ ነበር።

«ትንሽ ነው የቀረኝ ያልኸኝ ይችን ነበር?»

ከጎኔ በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ እያየ «አዎ» አለ።

«ስትመታ አውቀሃል?»

«ስንገጥመውም አውቅ ነበር። እንደማይሆን ግን እርግጠኛ አልነበርሁም። ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።» ወደ እኔ ዞሮ «አባ፣ ለሰው ብረቱ አርጅቶ ነው እንበል» አለኝ። «ማንም አይከፍተውም።»

ልጄ ሊሸፍነኝ ፈለገ። እኔ በሰው ፊት ያዋረድሁት ልጅ። እሺ አልሁት። ከመኪናዋ ሥር ወጥተን አቧራችንን አራግፈን ወደ ቤት ስንሄድም አሁንም እሺ እንዳልሁ ነበር።

የጎጃሜው ጓደኞች ነገሩ በሽማግሌ ይታይልን ብለው ስለጠየቁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች ሊፈርዱ ተሰየሙ። ጎጃሜው እግሩ ታስሮ በአልጋ መጥቷል። መጀመሪያ የተነሱት ሾፌሩ ናቸው። በዱላቸው ተደግፈው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያለኝ አንድ በሬ ነው፣ እሱን እሰጣለሁ» አሉ።

ያን ጊዜ አልቻልሁም። ተነሳሁ። እንዴት እንደጀመርሁት አላስታውስም፤ ስለ ሰሊጥ ዘይቱ፣ ስለ ሁለት ሊትር ጋዙ፣ አጥቦ ስላልጨረሳት አንዲት ቀዳዳ፣ ባዶዋን እንሞክራት ስላለኝ፣ አቁሙ ሲል ይሂዱ ስላልሁት፣ ሁሉንም ተናገርሁ። ሰው ሲሰድበኝ ሰምቼ የማላልፍ ሰው ነኝ፤ እዚያ ግን ማንም አልሰደበኝም። ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ሽማግሌዎቹ የተጎዳውን ሁሉ ምን ትጠይቃለህ ብለው ይጠይቃሉ፤ ወጉ ነው። ጎጃሜው መታከሚያውንና የመከሩን ደመወዝ ጠየቀ። ሾፌሩ «ስሜ ታጠበ፤ ይበቃኛል» አሉ። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ልጄ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ? አንተም ተበድለሃል።»

ልጄ ተነሳ። «እኔ ገንዘብ አልጠይቅም። ከአባቴ ጋር ቃል ተገባብተን ነበር። መኪናዋ ጭነት ይዛ ገንዳ ውሃ ካልደረሰች አልይዝህም ብለውኝ ነበር። መርቀው ይልቀቁኝ።»

«መኪናዋ ትጠገናለች!» አልሁ። «እኔና አንተ እንጠግናታለን። አሁንማ ሁሉን አወቅሁ። አንተ የምትለው ይሆናል።»

«ዛሬ እንዲያ ይላሉ አባ፤ እውነትዎን ነው። ግን የጀመርሁትን የሚያስጨርሰኝ ሰው ዘንድ ልሥራ።»

የጠየቁት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ቃል ሰጥተኸዋል?»

ልዋሽ እችል ነበር። «ሰጥቼዋለሁ» አልሁ።

«እንግዲያው ቃልህን ጠብቅ።»

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «ከድንበሩ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ወዲህ ነው አባ። ጎንደር ነው። የኮሌጅ መምህሬ ጋራዥ አለው።»

ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። እጄን ራሱ ላይ አደረግሁ። ስመርቅ ቃላት ጠፍተውኝ አያውቁም፤ የሰው ልጅ ሠርግ ላይ እንኳ መራቂ እኔ ነኝ። ያን ቀን «ያሰብኸው ይሙላ» ብቻ ነው የወጣኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሸሕዲ ድረስ ሸኘሁት፤ ሚኒባስ ውስጥ ገባ፤ በመስኮቱ በኩል ስለ መኪናዋ «ክራንኩን አይጣሉት፤ እንደገና ይፈጫል» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ድምሩን በቃል ያዙት፤ እኔ ጻፍሁት፤ ያቺ ቀዳዳ ያስከፈለችው ይህን ነው። ለጎጃሜው መታከሚያና ደመወዝ ሃምሳ ሁለት ሺህ ብር፤ እሱ ግን ዘንድሮ ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ ሊገዛ ነበር፤ ብሩ በመድኃኒትና በቀለብ አለቀ፤ እግሩም እንደ ድሮው አልሆነም። ኾሩ ውስጥ የቀረው ሰሊጥ ስምንት ኩንታል። የሞተሩ ግድግዳ ከነክንዱ ከአንድ መቶ ሺህ ብር በላይ፤ እስከ ዛሬ አልተገዛም። ባለቤቴን ለክፍያው የተሸጡ ሁለት ላም፣ አንዷ የምትታለብ። ሽማግሌውን ሾፌር የቀራቸውን መንዳት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልነኩም። ልጄን ሁለት ዓመት። እኔንና እናቱን ልጃችንን።